መቶ ሃያ የግራ እጅጌ

ሰው በሚሠራበት ቤት ሁሉ ሦስት ነገር አይጠፋም፦ አልዘጋ የሚል መስኮት፣ ሁሌ የሚፈለግ መቀስ፣ እና ሰው ካላስታረቀ ምሳው የማይዋጥለት አንድ ሰው። መስኮቱ አንድ ቀን ይጠገናል። መቀሱም ከጨርቅ ሥር ይገኛል። ሦስተኛውን ግን እግዜር ካልወሰደው በቀር የሚገላግል የለም። ይህን የምለው በምሬት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ በምሬት ነው።

የዛሬዋ ባለታሪካችን ክብርት እትዬ ሥርየት ናቸው። ሥርየት እናታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም፤ የሥራ ባልደረቦቻቸው ከጀርባቸው የሰጧቸው ማዕረግ ነው። ሰሙት፣ ወደዱት፣ ከዚያ ወዲህ በሌላ ስም ሲጠሩ አቤት ማለት ተዉ። አሥራ አራት ሠራተኛ ባለው የደንብ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ዋና ቆራጭ ናቸው። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረጅም፣ ሜትር ከአንገታቸው የማይወርድ፣ ጠመኔ ከጆሯቸው ላይ የማይለይ፣ ወደ ስልሳ የተጠጉ ሴትዮ። መቀስ ሲይዙ እጃቸው ንቅንቅ አይልም። የሰው ጠብ ሲሰሙ ግን መላ ሰውነታቸው ይንቀጠቀጣል፣ በደስታ።

አንድ ቀን ባለ ኮሌታዋና ባለ ኪሷ በመስኮት ተጣሉ። ባለ ኮሌታዋ የምትባለው ኮሌታ ስለምትሰፋ፣ ባለ ኪሷም ኪስ ስለምትሰፋ ነው፤ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። አንዷ ይከፈት፣ አንዷ ይዘጋ፤ ከመስኮት ወደ አመል፣ ከአመል ወደ ዘር ማንዘር ተሻገሩ። እትዬ ሥርየት ሁለቱንም ክንድ ክንዳቸውን ይዘው ጨርቅ መጋዘን ከተቷቸውና በሩ ላይ ቆሙ።

"ይቅር ሳትባባሉ ምሳ አይበላም!"

"እትዬ፣ ሥራ እኮ አለን!"

"ሥራ ይቆይ። ክርስቶስ ከሥራ ይቀድማል።"

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሁለቱ ተቃቅፈው ወጡ። እትዬ ሥርየት በደስታ አለቀሱ። ሴቶቹ የተስማሙት እሳቸውን አብረው ለመጥላት መሆኑን እስከ ዛሬ የነገራቸው የለም።

ሌላ ጊዜ ጉልበታቸውን ሊታዩ ጤና ጣቢያ ሄደው ተሰለፉ። አንድ ጎረምሳ ሰተት ብሎ ከፊት ገባ። ሰው ሁሉ ተንጫጫ። ሌላው ቢሆን ወይ ይሳደባል ወይ ሆዱን በሆዱ አድርጎ ዝም ይላል። እትዬ ሥርየት ግን ጎረምሳውን በእጁ ይዘው ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዞሩት። ሠላሳ አንዱንም ሰው በየተራ ይቅርታ አስጠየቁት፤ ሠላሳ አንዱንም ሰው በየተራ "ይቅር ብያለሁ" አስባሉ። እርቁ ሲያልቅ ካርድ የምታወጣዋ ልጅ መስኮቷን ዘግታ ምሳ ሄዳለች። ሰልፈኛው ጎረምሳውን ትቶ ዐይኑን በእትዬ ሥርየት ላይ ተከለ። እሳቸው እቴ! ጉልበታቸውን ሳይታዩ፣ እያነከሱና እየዘመሩ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

የጎረቤታቸውን ውሻ ነገርማ ተዉት። ውሻው የአንድ ጡረተኛ መምህር ባት ነከሰ። እትዬ ሥርየት ቁስሉ ገና ሳይታሰር ደረሱ።

"በል፣ ይቅር በለው።"

"ማንን? ውሻውን?"

"ውሻውን። ቂም ይዞ ያደረ ቁስል አይሽርም።"

"እትዬ፣ ውሻ ይቅርታ ምን ያደርግለታል? የማያምን ፍጥረት!"

"የተቀባዩ እምነት አይጠየቅም፤ የሰጪው ነው የሚጠየቀው። አንተ ታምናለህ፤ በቃ!"

መምህሩ ምን ያድርግ? ለውሻው ይቅርታ አደረገ። ውሻው አዛጋ።

ይህቺን የሰጪና የተቀባይ ነገር ልብ በሏት፤ የእትዬ ሥርየት እምነት ምሰሶ ናት። እንደ እሳቸው ከሆነ ይቅርታ የሰው እጅ ሥራ አይደለም። ክርስቶስ የሰቀሉትን ይቅር ያለ ዕለት የፈለቀ ምንጭ ነው፤ ከምንጩ ያልቀዳ ሰው ከየት አምጥቶ ያጠጣል? "የማያምን ሰው ይረሳል፣ ይሰለቻል፣ ይተወዋል፤ ይቅር ግን አይልም" ይላሉ። ከዚያ መርፌ ካለ መርፌ ያነሣሉ፣ ከሌለም ጣታቸውን ያነሣሉ፦ "ያለ ክርስቶስ ይቅርታ ክር የሌለው መርፌ ነው፤ ይወጋል እንጂ አይሰፋም!" ይህን በቀን ሦስት ጊዜ ይሉታል። ኪስ የምትሰፋዋ ልጅ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አብራቸው ትለዋለች።

እና እኚህ ሴትዮ ራሳቸው አንዲት ይቅርታ አጥተው ሁለት ዓመት ሙሉ በልባቸው ሲያነክሱ ኖሩ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ኖሩ። ከማን ብትሉ፣ ከልብስ ተኳሹ ነው።

ልብስ ተኳሹን ሁሉም እንፋሎት ይለዋል፤ ቀኑን ሙሉ የሚቆመው ከካውያው እንፋሎት ውስጥ ስለሆነ ፊቱ እንኳ በደንብ አይታይም። አርባን ያለፈ፣ ጨዋ፣ ቃል ከአፉ በቁንጥር የሚወጣ ሰው ነው። ሃይማኖቱን የጠየቁት "የለኝም" ሲላቸው ይደነግጣሉ። እሱ ግን "የለኝም" የሚለው "ክብሪት የለኝም" እንደሚል ሰው ነው፤ ኩራትም የለበት፣ ሐፍረትም የለበት። እትዬ ሥርየት በመጀመሪያው ቀን "ታዲያ ስትሞት የት ልትሄድ ነው?" ቢሉት፣ "ለጊዜው ቤቴ ነው የምሄደው፣ እትዬ" ብሎ ኮቱን ለብሶ ወጣ።

ይህ ሰው መቁረጥ ይወድ ነበር። አባቱ አርባ ዓመት የሰፉ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ልጃቸው ካውያ ላይ መቅረቱ ያንገበግባቸዋል። ስለዚህ እንፋሎት ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በየምሳ ሰዓቱ፣ ከእትዬ ሥርየት መቁረጥ ተማረ። እሳቸውም ማስተማር አይሰለቻቸውም፤ ጨርቁንም ወንጌሉንም አንድ ላይ ነበር የሚያስተምሩት። ጨርቁ ገባው። ባለቤቱ ሁለተኛ ቆራጭ ሊያደርገው ቃል ገባ።

አሁን እጅጌ እንዴት እንደሚቆረጥ ላስረዳ፤ አጭር ነው፣ አትሽሹ። ጨርቅ ፊትና ጀርባ አለው። ለእጅጌ ሲነጠፍ አንዱ ድርብ ፊቱ ወደ ላይ፣ ቀጣዩ ፊቱ ወደ ታች እየሆነ ይነባበራል። ያኔ ናሙናው ከላይ ተደርጎ ሲቆረጥ ግማሹ የቀኝ፣ ግማሹ የግራ እጅጌ ሆኖ ይወጣል። ሁሉም ፊቱን ወደ አንድ አቅጣጫ አድርጎ ከተነጠፈ ግን የሚወጣው እጅጌ ሁሉ የአንድ ወገን ነው። ይህን የሚሳሳት ወይ ጀማሪ ነው፣ ወይ ልቡ ሌላ ቦታ ያለ ሰው ነው።

በዚያን ዕለት የእትዬ ሥርየት ልብ ስልክ ውስጥ ነበር። የእህታቸው ሴት ልጆች በአንድ ቁም ሣጥን ተጣልተው፣ እሳቸው ስልኩን በጆሯቸውና በትከሻቸው መሀል ወትፈው ያስታርቃሉ። በእጃቸው ደግሞ የነርሶች ደንብ ልብስ ጨርቅ ያነጥፋሉ። ያኛውን ጫፍ የያዘላቸው እንፋሎት ነው። ሦስተኛው ድርብ ላይ ሲደርሱ፣

"እትዬ፣ ፊቱ..." አለ።

"ቆይ! ሰው እየታረቀ ነው!"

አሥረኛው ላይ እንደገና "እትዬ፣ ይሄ ጨርቅ..." ሲል፣ መዳፋቸውን አንሥተው አፉን ያስያዙት ያህል ዝም አሰኙት። እሳቸው አስተማሪው ናቸው፤ ምን ይበል? እህትማማቾቹ ታረቁ። እትዬ ሥርየት ደስ ብሏቸው፣ እየዘመሩ ቆረጡ።

በማግስቱ ጠዋት ኮሌታ ሰፊዋ ጮኸች። መቶ ሃያ እጅጌ፣ መቶ ሃያውም የግራ!

ባለቤቱ ከላይ ከቢሮው ወረደ። አንዱን እጅጌ አነሣ፣ ሌላውን አነሣ፣ ሌላውን አነሣ። ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

"ማነው ያነጠፈው?"

እትዬ ሥርየት አፋቸውን ከፈቱ። "እኔ ነኝ" የሚለው ቃል ምላሳቸው ላይ ነበር፤ ይህን እስከ ዛሬ ይምሉበታል። የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ያኛውን ጫፍ የያዘው እንፋሎት ነበር።"

ውሸት አይደለም። ያኛውን ጫፍ የያዘው እሱ ነበር። ለዚህም ነው የባሰው፤ ውሸት ቢሆን አንድ ሰው "ውሸት!" ይል ነበር። ባለቤቱ ዘወር ብሎ "በቃ! ይህ ሰው ከዛሬ ጀምሮ መቀስ እንዳይነካ። ካውያው ይበቃዋል" አለ። እንፋሎት እትዬ ሥርየትን አያቸው። ጠበቃቸው። እሳቸው ሜትራቸውን በጣታቸው ላይ መጠምጠም ጀመሩ። ጠምጥመው ሲጨርሱ እሱ ካውያው ጋ ተመልሷል።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያን ዕለት ምሳ ለመብላት ተቀመጡ፤ አልዋጥ አላቸው። ማታ ጸለዩ፣ አለቀሱ፣ ጌታንም ይቅርታ ጠየቁ። ጌታ ይቅር ሳይላቸው አልቀረም። የእንፋሎት ግን ቀረ። እዚህ ላይ ነው የእትዬ ሥርየት ትምህርት እትዬ ሥርየትን ጠልፎ የጣላቸው፤ ይቅር ባይ ማመን አለበት ካሉ፣ እንፋሎት ደግሞ ካላመነ፣ ቢጠይቁትስ ከየት አምጥቶ ይሰጣቸዋል? ስለዚህ ቆርጠው ተነሡ። መጀመሪያ ያሳምኑታል። ከዚያ ይናዘዙለታል። ከዚያ ይቅር ይላቸዋል፣ በደንቡ። ይህ ፍርሃት ነው ትሉኝ ይሆናል። ፍርሃትም ነው።

እንዲህ ያለ ዘመቻ አይታችሁ አታውቁም። ከካውያው ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ በየሳምንቱ አንዲት መንፈሳዊ ወረቀት ያስቀምጡ ጀመር። እንፋሎት ወረቀቶቹን አልጣላቸውም፤ ካውያው ምን ያህል እንደጋለ ይሞክርባቸዋል። በዓመቱ እትዬ ሥርየት መሳቢያውን ሲከፍቱ አርባ ስምንት የነፍስ መድኃኒት፣ አርባ ስምንት ቡናማ የካውያ ማኅተም አርፎበት አገኙ። ተስፋ ቆረጡ? ወይ ፍንክች! አንድ ሰባኪ ይዘው መጡ። ሰባኪው ከእንፋሎት ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ ቆየ፤ ሲወጣ ሱሪው እንደ ቢላ ተተኩሶለት፣ "በጣም ጥሩ ሰው ነው" እያለ ሄደ።

"እንፋሎት፣ የምነግርህ ነገር አለኝ" ይሉታል አንዳንዴ።

"ይንገሩኝ፣ እትዬ።"

"መጀመሪያ እመን።"

"ሳላምን አይነገርም?"

"ቢነገርህም አይጠቅመንም።"

"እንግዲህ እግዜር ካለ አድራሻዬን ያውቀዋል" ይልና ካውያውን ያነሣል።

እንዲህ እያሉ ሁለት ዓመት አለፈ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እዚህ ግን የወጉትም አልረሱ። ይልቁንም የሰውን ጠብ ሁሉ በመብራት ይፈልጉ የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው። ጤና ጣቢያውም፣ ውሻውም፣ መስኮቱም ከዚያ ወዲህ ነው።

ከዚያ ዐይናቸውን ሞራ ጋረደው። የጠመኔው መስመር ሁለት ሆኖ ይታያቸው ጀመር። ባለቤቱ በደግነት ጠርቶ "እትዬ፣ በወሩ መጨረሻ ይረፉ። ከሌላ ቤት ቆራጭ አግኝቻለሁ፣ ሰኞ ይጀምራል" አላቸው። ይህን ያላቸው ረቡዕ ነው። እትዬ ሥርየት ለራሳቸው ሥራ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ሰኞ ሌላ ቆራጭ ከገባ ግን እንፋሎት ዕድሜ ልኩን ካውያ ላይ ሊቀር ነው፤ የሰኞው ሰው ወጣት ነው ተብሏል።

ሐሙስ ያንን ሰባኪ ፍለጋ ሄዱ።

"የማያምን ሰው ይቅር ማለት ይችላል ወይ?"

ሰባኪው ተመቻችቶ ተቀመጠ። በአንድ በኩል አለ፤ ረጅም ነው። በሌላ በኩል አለ፤ እሱም ረጅም ነው። ምሥጢር ነው አለ። በመጨረሻ "ለማን ፈልገው ነው?" ሲል ጠየቃቸው።

"ለአንዲት ጓደኛዬ" አሉና ተነሡ። መንገድ ላይ ከራሳቸው ጋር ተጣሉ። ባይችልስ? ባይችል እሱ አይሰጥም፤ እኔ ግን መናገር አለብኝ። እሱ አላመነም ብዬ እኔ ልደብቅ? እውነት የምናገረው እሱ ሲያምን ነው ያለው ማነው? ይህን በልባቸው ሳይሆን ጮክ ብለው ነበር የሚያወሩት፤ አላፊ አግዳሚው ዞር ዞር እያለ ያያቸዋል። ቤታቸው ሲደርሱ ቆርጠዋል።

ዓርብ ምሳ ሰዓት ሁሉም ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ባለቤቱም የሰኞውን ነገር ሊያስታውቅ ወርዷል። እትዬ ሥርየት ብድግ አሉ። ባለ ኪሷ "ደሞ ዛሬ ማን ከማን ተጣላ?" ብላ አጉተመተመች።

"መቶ ሃያውን የግራ እጅጌ ያነጠፍኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ስልክ እያወራሁ። እንፋሎት ሁለት ጊዜ ሊነግረኝ ሞከረ፣ ዝም አሰኘሁት። ጌታዬ፣ ማነው ብለው ሲጠይቁኝ ፈርቼ ነው ጫፍ የያዘውን ሰው ስም የጠራሁት። ይኸው ነው።" ወደ እንፋሎት ዞሩ። "እንፋሎት፣ ይቅርታ አድርግልኝ።"

ማኘክ ያቆመው ሁሉ ጉንጩ እንደተነፋ ቀረ። ከዚያ ባለ ኮሌታዋና ባለ ኪሷ ተያዩ። ከመስኮቱ ጠብ ጀምሮ የጠበቋት ቀን መጣች!

"መጋዘን!" አለች አንዷ።

"ይቅር ሳይባባሉ ምሳ አይበላም!" አለች ሌላዋ፤ ጠረጴዛው በሙሉ ተቀበላት። ተነሥተው እንፋሎትን በአንድ ክንዱ፣ እትዬ ሥርየትን በአንድ ክንዳቸው ያዟቸው። እንፋሎት ክንዱን ቀስ አድርጎ አስለቀቀ።

"ሁለት ዓመት ሙሉ ወረቀት ሲያስቀምጡልኝ የነበረው ለዚህ ነው?"

"ለዚህም ነው። ለነፍስህም ነው።"

"ዛሬ አልችልም፣ እትዬ" አለ።

"በል እንጂ!" "አንተ ደግሞ!" "የሁለት ዓመት ነገር!" ከየአቅጣጫው ዘነበበት። ባለቤቱም "ሴትዮዋ ይቅርታ ጠይቀውሃል እኮ" አለ። ያኔ ነው እትዬ ሥርየት ጠረጴዛውን በመዳፋቸው የመቱት።

"ተዉት! አልችልም አለ እኮ! ሰው እንዴት ተጎትቶ ይቅር ይላል?"

ባለ ኪሷ አፏን ከፍታ አየቻቸው። "ዛሬ ነው የገባዎት?"

"አዎ፣ ዛሬ ነው የገባኝ። እናንተም ሁለታችሁ ይቅር በሉኝ፤ ስትችሉ። ጌታዬ፣ የሰኞው ሰው አይምጣ። መቀሱ የእንፋሎት ነው። እኔ ዐይኔ ባያይ እጄ ያውቃል፤ አጠገቡ ቆሜ የቀረውን አስጨርሰዋለሁ።"

ባለቤቱ ራሱን አከከ፣ መቶ ሃያውን እጅጌ አሰበ፣ በመጨረሻ "እሺ፣ አንድ ወር ይሞከር" አለ።

ሰኞ እንፋሎት መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ቆመ። እትዬ ሥርየት አጠገቡ ቆሙ። ባለቤቱ አሁኑኑ ይረፉ ቢላቸው እንኳ አልሄዱም። በዚያ ሳምንት በመካከላቸው ያለፈው ወሬ ሁሉ ይኸው ነው፦

"ስንት ሴንቲ?"

"ሁለት።"

"ፊቱ?"

"ወደ ታች።"

ምሳ ሲሆን እሱ ከሰው ጋር ይበላል። እሳቸው ሕጋቸው ይዟቸዋል፤ ይቅር ሳይባሉ እንዴት ይብሉ? ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ። ሰው የዘረጋላቸውን ጉርሻ እንኳ አይቀበሉም። ሰውን እንደዚያ በግማሽ ሰዓት ሲያስታርቁ የኖሩ ሴትዮ ሰባት የሥራ ቀን ጠበቁ። መጠበቅ ምን ያህል እንደሚያንገበግብ ያን ጊዜ ቀመሱት። ወረቀት ግን መሳቢያው ውስጥ አላስቀመጡም።

በስምንተኛው ቀን፣ እንፋሎት መስመር እያሰመረ፣ ቀና ሳይል መናገር ጀመረ።

"የከነከነኝ መቀሱ አይደለም፣ እትዬ። አባቴ ነው። 'ፊትና ጀርባ የማይለይ ልጅ ወለድኩ' ይላል። በሄድኩ ቁጥር ይላል። በሚስቴ ፊት፣ በልጆቼ ፊት። እኔ አይደለሁም ብዬ ብነግረው ሰበብ አታብዛ አለኝ።" ጠመኔው እጁ ላይ ተሰበረ። "እርስዎ አንዲት ቃል ነው የተናገሩት። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰማኋት።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ስብከት ይወጣቸው ነበር። አሁን እትዬ ሥርየት ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱ።

"አባትህ የት ነው የሚኖሩት?"

ነገራቸው። ለምን ብሎ ሳይጠይቅ እሳቸው ከበሩ ወጥተዋል።

ሁለት አውቶቡስ ነው። ከዚያ አራት ፎቅ፣ በዚያ ጉልበት። የበሩን ቁጥር ዐይናቸው አይለይም። የመጀመሪያውን በር አንኳኩ፤ አንድ ሰው ሲከፍት ትንፋሻቸው ሳይመለስ "መቶ ሃያውን የግራ እጅጌ ያነጠፍኩት እኔ ነኝ፣ ልጅዎ አይደለም!" አሉት። ሰውዬው ላጤ ነው። በትሕትና "ምንም አይደል፣ እናቴ" ብሎ ዘጋው። ሁለተኛው በር ላይ ለአንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ተናዘዙ፤ እሷ ውኃ ሰጠቻቸውና ትክክለኛውን በር አሳየቻቸው።

አባትየው ደግሞ ጆሯቸው አይሰማም። ስለዚህ ሕንፃው በሙሉ ነው የሰማው።

"መቶ ሃያ!"

"ስንት?"

"መቶ ሃያ እጅጌ! ሁሉም የግራ!"

"ሁሉም?"

"ሁሉም! ያጠፋሁት እኔ ነኝ! ልጅዎማ ሊነግረኝ ነበር፤ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ!"

"እሱ አልነበረም?" አሉ ሽማግሌው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። "አልነበረም!" ብለው ጮኹ እትዬ ሥርየት። ሽማግሌው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ፣ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። እትዬ ሥርየት "ይቅር ይበሉት" አላሉም፣ "ይቅር ይበሉኝ" አላሉም፣ "በክርስቶስ" አላሉም። ትከሻቸውን ዳበስ አድርገው አራቱን ፎቅ ወረዱ።

እኚህን ሴትዮ ነው ሰው ሁሉ አድካሚ የሚላቸው። አድካሚ ናቸው፣ አልክድም። ግን ጥፋቱን ተሸክሞ፣ በታመመ ጉልበት፣ በማያይ ዐይን አራት ፎቅ የሚወጣ ስንት ሰው ታውቃላችሁ? እኔ አንድ ነው የማውቀው። እወዳቸዋለሁ፤ ይኸው ተናገርኩ።

በማግስቱ እንፋሎት ቀድሞ ገብቶ ጠበቃቸው። ዐይኑ አብጧል።

"ትናንት አባቴ ደወለ" አለ።

"እ..."

"ይቅርታ ጠየቀኝ። አባቴ! ማንንም ጠይቆ አያውቅም።" ሠራተኛው ሁሉ የስፌት መኪናውን አቁሞ ያዳምጣል። "እትዬ፣ እኔም ይቅር ብያለሁ።"

ስንት ዘመን የኖሩበት አመል ነውና ከአፋቸው አመለጣቸው፦

"በማን ስም?"

ባለ ኮሌታዋ ፊቷን ሸፈነች።

"በእኔ" አለ እንፋሎት።

እትዬ ሥርየት እንደ ልማዳቸው ጣታቸውን አነሡ። ስብከቱ ሳይጀመር ደረታቸው ላይ ሁለት ዓመት የተቀመጠው ነገር ተነሥቶ ሄደ። በእውነት ሄደ፤ በእጃቸው ዳሰሱት፣ የለም። ያላመነ ሰው የሰጣቸው ይቅርታ ደርሷቸዋል። ዐይናቸው እንባ ሞላው፣ እንደ ልጅ እያለቀሱ የእንፋሎትን ሁለት እጆች ያዙ። "ደረሰኝ፣ ልጄ" አሉት። "ደረሰኝ።" ባለ ኪሷም አለቀሰች፤ ምሳ ይዛላቸው መጣች።

ሁለት ጉርሻ በልተው፣ አፍንጫቸውን ጠርገው፣ ቀና አሉ።

"ግን ስማ፣ እንፋሎት። ይህን ያደረግከው አንተ አይደለህም። ጌታ ነው በአንተ አድሮ ያደረገው። አንተ ስላላወቅከው ነው።"

ከመኪናዎቹ ሁሉ "ኧረ እትዬ!" የሚል ጩኸት ተነሣ። እንፋሎት አላጉረመረመም። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፣ እኚያን አጭር ሴትዮ ከላይ እስከ ታች አያቸው፣ ፊቱ ላይ ሠራተኛው አይቶት የማያውቀው ፈገግታ መጣ።

"እትዬ።"

"አቤት፣ ልጄ።"

"ይቺንም ይቅር ብያለሁ።"